ካርቱም፣ ጅሬፍ፣ ከድስቱ አጠገብ

ጦርነቱ ካርቱም ላይ የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በቀዳም ስዑር ነው። ጅሬፍ ያለነው ሐበሾች ለፋሲካ ዶሮ ገዝተናል፤ ጎረቤቶቻችን ረመዳን ሊፈቱ ሳምንት ቀርቷቸዋል። ኋላ የሰፈሩ ወጣቶች ተሰባስበው ተኪያ ከፈቱ፤ ፉልና ምስር በነፃ የሚታደልበት ማለት ነው። እኔም እንጨት ልሸከም ገባሁ። «ያ ኡስታዝ!» ይሉኛል፤ ስደተኛ ነህ ያለኝ የለም፤ ይህ ደስታ ነበር። የሚከብደው ድስቱ አልቆ ሰልፉ ሳያልቅ ነው። ሳህን የዘረጋችን ልጅ «ነገ ነይ» ብዬ መልሻለሁ፤ ነገ እንደሚኖር ግን አላውቅም። በየሰፈሩ ከእነዚህ በጎ ፈቃደኞች የታሰሩም የተገደሉም አሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለሱዳን የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች ሲሰጥ እልል ብዬ፣ ማታ እንቅልፍ አጣሁ። ከጅሬፍ የወጣችሁ ካላችሁ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ብቅ በሉ፤ እናውራ።