ወደብና ውኃ የተለዋወጡ ጎረቤቶች

ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ መርከብና ማዕበል ለማየት ነው። እኔ ግን ባለፈው የዕረፍት ጊዜዬ ከአዲስ አበባ ወደ ጂቡቲ የወረድኩት የአንድ ወንዝ መጨረሻ የት እንደሆነ በዓይኔ ለማየት ነበር። ወንዙ አዋሽ ነው። አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ እንደሚቀር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። የሚቀርበትን ቦታ ሄዶ ያየ ግን ከመካከላችን ስንት ሰው ይገኛል?

ከለቡ ጣቢያ የተነሣነው ማለዳ ነበር። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ ጭስም ጩኸትም የለውም። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በመስኮት አሻግረው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ጭስ የሌለው ባቡር ምኑን ባቡር ሆነ?» ብለው ቢናገሩ ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸው የሚያስታውሱት አሮጌው ባቡር ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የገባው ነው። አዲሱ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር በጂቡቲ በኩል ተመርቆ ዛሬ 750 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይሮጣል።

ወንዙና ሐዲዱ

ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ከተማ ድረስ ሐዲዱና ወንዙ ብዙም አይራራቁም። በዚህ አገር አዋሽ ሥራ የበዛበት ወንዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ኤሌክትሪክ ያመነጭበታል፤ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ ያጠጡበታል፤ የአዲስ አበባም ጅረቶች በአቃቂ በኩል የከተማውን እድፍ ይዘው ይገቡበታል።

መተሐራ ስንደርስ በጥቁሩ የፈንታሌ ድንጋይ መካከል ተንጣሎ የሚታየውን የበሰቃን ሐይቅ ተሳፋሪው ሁሉ እየተነሣ ተመለከተው። ይህ ሐይቅ ከስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር ይባላል። ዛሬ ግን ከዐሥር እጥፍ በላይ ሰፍቶ የቀድሞውን የባቡርና የመኪና መንገድ ገፍቶአል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥም ለእርሻም አይበጅም። እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲፈስ ሲደረግ ደግሞ ጨውነቱ ለታችኛው አገር ይተርፋል። ለአንዱ ሠፈር መፍትሔ የሆነው ነገር ለሌላው ሠፈር ችግር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላየሁም።

አዋሽ ከተማ ላይ ወንዙና ባቡሩ ይለያያሉ። ወንዙ ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ባቡሩ ግን ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል። እኔም በልቤ «እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁን» አልኩትና ለአዳር ወደ ድሬዳዋ አመራሁ።

የእትዬ ጀሪካን

በማግሥቱ ከድሬዳዋ ስንነሣ ከአጠገቤ የተቀመጡት ጂቡቲ ያገባች ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ አንዲት ሴት ነበሩ። ከዘንቢላቸው ብርቱካን አውጥተው ሰጡኝና ጨዋታ ጀመርን።

«እትዬ፣ ጂቡቲን ያውቋታል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«እንዴት አላውቃት ልጄ! ድሮ ስሄድ ሁለት ጀሪካን ውኃ ተሸክሜ ነበር። የዚያ አገር ሻይ የፈለግኸውን ያህል ስኳር ብትጨምርበት ጨው ጨው ይላል። አሁን ግን የእኛው ውኃ ስለሚሄድላቸው ሸክሙ ቀረልኝ።»

እትዬ የተናገሩት እውነት ነው። የጂቡቲ ከተማ ለብዙ ዘመን የኖረችው ከባሕሩ ዳር ከምድር በታች በሚቀዳ ውኃ ነው። ከተማዋ እያደገች ብዙ በቀዳች መጠን የባሕሩ ጨው ወደ ጉድጓዶቹ እየገባ ውኃው ተበላሸ። ዝናብም በአገሩ እምብዛም አይጥልም። ስለዚህ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ በሲቲ ዞን ሐደጋላ ከሚባለው ስፍራ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የመስመሩ ሥራ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ውኃው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ ዓሊ ሳቢህን፣ ዲኪልን፣ አርታንና ዋና ከተማዋን እንዲያጠጣ ተደረገ። መስመሩ የተሠራው በቀን አንድ መቶ ሺህ ሜትር ኩብ ውኃ እንዲያሳልፍ ሆኖ ነው። ለውኃውም ዋጋ አልተጠየቀም።

ይህን ስንጫወት ከፊት ለፊታችን የነበረ አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ በነገሩ ገባበት። «እኛ ለወደቡ በዶላር እየከፈልን፣ ውኃውን በነጻ መስጠት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?» አለ።

እትዬም ዞር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ጎረቤት ውኃ ቢለምንህ ደረሰኝ ትቆርጣለህ?» አሉት።

ወጣቱ ዝም አለ፤ እኔ ግን ጥያቄው ከንቱ አልመሰለኝም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶው ዘጠና የሚበልጠው የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። ስንዴው፣ ነዳጁ፣ ማዳበሪያውና መኪናው ሁሉ የሚገባው፣ ቡናውም የሚወጣው በዚያ በር ነው። በ2004 ዓ.ም. ከተመረቀው መስመር ወዲህ ደግሞ ከወንዞቻችን የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ለጂቡቲ ይሸጣል፤ ጂቡቲም በናፍጣ ከምታመነጨው የሚበዛውን ለመተካት ረድቶአታል። እንግዲህ አንዱ ለሌላው በር ከሆነ፣ ሌላው ደግሞ ውኃና ብርሃን ከሆነለት፣ የትኛው ሰጪ፣ የትኛው ተቀባይ እንደሆነ በአንድ ደረሰኝ ብቻ መወሰን አይቻልም።

ሆኖም የወጣቱን ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ሊተካው ይገባል። ጉድጓዱ የተቆፈረበት የሲቲ አገር ራሱ ድርቅ የሚመላለስበት የአርብቶ አደር አገር ነው። ከምድር በታች ያለው ውኃ ዝናብ እስኪተካው ድረስ ብዙ ዘመን የሚፈጅ ቅርስ ስለሆነ፣ ምን ያህል እንደተቀዳና ምን ያህል እንደቀረ ሁለቱም አገሮች አብረው ካልለኩት፣ የግመሉ ባለቤትም ድርሻውን ካላገኘ፣ ዛሬ የተመሰገነው ስጦታ ነገ መወቃቀሻ ይሆናል።

የድርቅ ልጅ

ጂቡቲ እንደደረስን እትዬ ከልጃቸው ቤት ሻይ ካልጠጣህ አትሄድም ብለው ያዙኝ። ሻዩ እውነትም ጨው ጨው አይልም ነበር። ልጃቸው ቧንቧውን ከፍታ ብርጭቆ ስታለቀልቅ እትዬ ኩራት በተሞላበት ፊት አዩኝ፤ ጉድጓዱን እርሳቸው ራሳቸው የቆፈሩት ይመስሉ ነበር። ልጃቸውም ከተማዋ አሁን ከባሕር ውኃ ጨውን የሚያጣራ ጣቢያ እንዳላት ነገረችኝ። ጎረቤትን ተማምኖ ለራስ ደግሞ መዘጋጀት ብልህነት ነው።

በማግሥቱ ከተማዋን ስዞር የኢጋድን ዋና መሥሪያ ቤት አየሁ። ስለዚህ ድርጅት በጋዜጣ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ከጦርነትና ከዕርቅ ጋር ተያይዞ ነው። ሲወለድ ግን የድርቅ ልጅ ነበር። የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ካለፈ በኋላ በጥር 1978 ዓ.ም. ስድስት አገሮች፣ ማለትም ኢትዮጵያ፣ ጂቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳን፣ ኬንያና ኡጋንዳ፣ ድርቅንና በረሓማነትን በኅብረት ለመከላከል እዚሁ ጂቡቲ አቋቋሙት። ስሙና ሥራው የሰፋው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም በ1954 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሓ አንበጣን በአንድነት ለመቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራርመው ነበር። አንበጣ ፓስፖርት ስለማያሳይ፣ አገሮቹ ተባብረው ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም።

አዋሽ የሚያልቅበት

ከጂቡቲ ከተማ ወደ አቤ ሐይቅ የሚሄድ ሰው በዲኪል በኩል አልፎ በጠንካራ መኪና በድንጋይና በአቧራ መካከል ረጅም መንገድ መታገሥ አለበት። በመንገዳችን ላይ በየሜዳው አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ እሾሃም ዛፍ ነበር። ሾፌራችን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ስለዛፉ ጠየቅሁት። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ ነው። በአዋሽ ሸለቆ በረሓን ይከላከላል ተብሎ ተተክሎ የግጦሹን መሬት የወረረ፣ አፋሮችም «የደርግ ዛፍ» ብለው የሰየሙት ነው። ከብቶች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ይዘሩታል። እርሱም እንደ አንበጣው ጠረፍ አያውቅም።

ሐይቁ ዘንድ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። አገሩ የምድር አገር አይመስልም። ከሜዳው ላይ እንደ ፈረሰ ከተማ ግንብ ቀጥ ብለው የቆሙ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሃምሳ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ከሥራቸው እንፋሎት ይወጣል፤ ፍል ውኃ ይንጠባጠባል። እነዚህ ዓምዶች ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት፣ ሐይቁ እጅግ ሰፊ በነበረበት ዘመን፣ ከውኃ በታች የተሠሩ ናቸው። በስተምዕራብ በኢትዮጵያ ወሰን በኩል የዳማ ዓሊ ተራራ ይታያል። ሐይቁ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ተኝቶአል። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ እስከዚህ ሐይቅ ድረስ መጥቶ ወንዙ እዚህ እንደሚያልቅ አረጋግጦአል።

የአካባቢው አፋር የሆነው መሪያችን በበትሩ ከእግራችን በታች ያለውን ደረቅ ጭቃ እያሳየ አንድ ነገር ተናገረ። ሾፌራችንም ተረጎመልን፦ «አያቴ ፍየሎቹን የሚያጠጣው እዚህ ነበር ይላል።» ውኃው ከቆምንበት በጣም ሩቅ ነበር።

«ምን ወሰደው?» ብዬ ጠየቅሁ።

መሪያችን ያለ ቁጣ በበትሩ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ አገር አመለከተ።

እንዲህ በቀላሉ የሚፈረድ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሐይቁ እንደ ዝናቡ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ድርቁም ድርሻ አለው። ነገር ግን ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በላይኛው አገር በተሠራው ግድብ፣ በሸንኮራውና በተንዳሆ ጥጥ የተነሣ ወደዚህ የሚደርሰው ውኃ እንደቀነሰ አይካድም። እኛም ስኳሩን በሻያችን ጠጥተነዋል።

በዚያ ሌሊት ከዓምዶቹ ሥር ተኝቼ ያሰብኩት ይህን ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች ዋጋ ወይም ውለታ ባለው ነገር ሁሉ ሲስማሙ ፈጣኖች ናቸው። ለስንዴው የመርከብ ሰነድ አለው፤ ለኤሌክትሪኩ ቆጣሪ አለው፤ ለሐደጋላ ውኃም ውል አለው። የአቤ ሐይቅ ግን ቀረጥ አይከፍልም፤ ሐዲድ አይደርስበትም፤ ከመርከብ አይጫንም። የጉርብትናው ፈተና የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቧንቧ ስለሚሄደው ውኃ እንደተማከርነው ሁሉ በወንዝ ስለሚሄደው ውኃም አብረን ብንለካ፣ አብረን ብንቆጥር፣ ከእያንዳንዱ አዲስ መስኖ በፊት «ለታችኞቹ ምን ይቀራል?» ብለን ብንጠይቅ፣ የወደቡ ወዳጅነት ከንግድ አልፎ እውነተኛ ጉርብትና ይሆናል።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ወደ ሥራዬ ስሄድ ሁልጊዜ የማልፍበት የቀበና ድልድይ ላይ ቆምኩ። ከታች ያለው ውኃ ጠቁሮ፣ ፌስታልና ላስቲክ ተሸክሞ ይሄዳል። ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ የአዋሽን መጨረሻ ደግሞ አይቼ መጥቻለሁ። ከአጠገቤ የቆመ አንድ ተማሪ የውኃ ፕላስቲኩን ጨርሶ ወደ ወንዙ ሊጥል እጁን ሲያነሣ፣ «ወንድሜ፣ ቆይ እስቲ» አልኩትና ስለዚያ አፋርና ስለ አያቱ ፍየሎች ነገርኩት። ልጁ ጥቂት አሰበና ፕላስቲኩን ከቦርሳው ከተተ።