ለብረቱ ወይስ ለአጥንቱ?

በዚህች ወረቀት ላይ ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። ስለ በረዶ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ እናት ቡናም እንዲሁ። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሞተር ብስክሌት ኢንሹራንስ ነው። «ይኼ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ነገር ነው እንዴ?» የሚል አንባቢ ካለ ገጹን ገልብጦ ወደ ግጥሙ ይለፍ፤ አንቀየመውም። ነገር ግን የሰው አካል ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ የብረት አካልም ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ ጎን ለጎን በቁጥር ተጽፎ ያገኘነው አንድ የኢንሹራንስ ውል ላይ ነውና ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም።

እኛ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ከአራታችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፤ ይህችን ወረቀት አንብቦ ለእናቱ የሚደውል ዘመድ አይጠፋም) ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ፓርኪንግ እየሠራ ባጠራቀመው 7,000 ዶላር አንድ ያገለገለ ያማሃ አር 6 ገዛ። ሞተሩን ለማያውቅ ሰው እንንገር፦ 599 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ ከመቶ ፈረስ ይበልጣል፤ ክብደቱ ግን ነዳጅ ሞልቶ እንኳ 190 ኪሎ ያህል ነው። የአንድ ትንሽ የቤት መኪና ጉልበት በሁለት ጎማ ላይ ተጭኖ ማለት ነው። ስድስት ማርሽ አለው። በሁለተኛው ማርሽ ብቻ በሰዓት 85 ማይል ያልፋል። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር ሊያሳስር ይችላል፤ በመንጃ ፈቃድ መዝገብም ላይ 11 ዓመት ይቀመጣል። «እንግዲያው የቀሩት አራት ማርሾች ለምን ተሠሩ?» ብለን ጠየቅነው። «ለድምፁ» አለን።

ሞተሩ ቤታችን በር ላይ ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። መንዳት አልተቻለም፤ ኢንሹራንስ የለማ! የመጀመሪያው ኩባንያ በስልክ የነገረን ዋጋ በዓመት 3,100 ዶላር ነበር። የሞተሩ ዋጋ ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው? ሁለተኛው ትንሽ ቀነሰ። ሦስተኛው የሞተሩን ስም ሲሰማ «ይቅርታ፣ ይህን ዓይነት አንቀበልም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ባለሞተራችን ተናደደ። 23 ዓመቱ ነው፤ በመኪና አንድም ቅጣት የለበትም፤ መጠጥ አይቀምስም። «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ምንም አላጠፋም። ዋጋው ግን ስለ እሱ አልነበረም።

ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብን። አገር ቤት የምናውቀው ዕድር ነው። በዕድር ሽማግሌውም ጎረምሳውም እኩል ያዋጣል፤ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ ለሁሉም ይተከላል። «አንተ ሳልህ በዝቷልና ጨምር» የሚል የዕድር ዳኛ አላየንም። ኢንሹራንስ ግን ገና ለቅሶው ሳይመጣ ሰዉን በየጎራው ይለያል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2007 ባወጣው ጥናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እንዲህ ያሉትን የውድድር ሞተሮች የሚነዱ ሰዎች ሞት፣ በተመዘገበ ሞተር ብዛት ሲሰላ፣ ተራ ሞተር ከሚነዱት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ ጓደኛችን በዚያ ሞተር ላይ በተቀመጠ ቀን ከማያውቃቸው ሙታን ጋር አንድ ዕድር ገባ ማለት ነው። መዋጮውም የእነሱ ነው።

ይህስ ይሁን፤ ብረቱ በእርግጥ አደገኛ ነውና እንቀበላለን። ያልተቀበልነው ሌላውን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ዋጋ ሲወጣ የምትኖርበት ሰፈር የፖስታ ቁጥርና የክሬዲት ታሪክህም ይታያል። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስና ሃዋይ በመኪና ኢንሹራንስ ላይ ክሬዲት እንዳይታይ ከልክለዋል፤ እዚህ ግን ይፈቀዳል። እዚህ አገር ከመጣ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ምን የክሬዲት ታሪክ ይኖረዋል? ተበድሮ የማያውቅ ሰው፣ ተበድሮ ከካደ ሰው ጋር ሊቀራረብ ምንም አልቀረው። ለመሆኑ ዕዳ አለመውደድ ከሞተር መውደቅ ጋር ምን አገናኘው? ሊያስረዳን የሚችል ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍልን።

በመጨረሻ ሰዎች ወደ አንድ ያገራችን ሰው መሩን። ቢሮአቸው በእንጀራ ሱቅና በጸጉር ቤት መካከል ነው። ብዙ ኩባንያዎችን ወክለው ይሸጣሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። አራት ሆነን ስንገባ ሳቁ። «አንድ ሞተር ለአራት ነው እንዴ የምትነዱት?» አሉ። ከዚያ ወረቀት አወጡና 3,100ውን ዶላር እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አድርገው ከፋፈሉት። በስልክ ያናገረን ሁሉ ሙሉውን ቁጥር ይጠራል እንጂ ይህን ያሳየን አልነበረም።

ትልቁ መደብ፣ ከግማሽ በላይ የሆነው፣ የግጭት ሽፋን ነው። ይህ ሞተሩን ለማሠሪያ የሚከፈል ነው። ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ጋሼ የነገሩን ምክንያት በፍጥነት የሚመጣውን አደጋ ብቻ አይደለም። የውድድር ሞተር ዙሪያውን ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ቆሞ ሳለ ንፋስ ቢጥለው፣ በዜሮ ፍጥነት፣ ያ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፤ መሪው፣ ፍሬቻው፣ የእግር መርገጫውም ይሄዳል፤ ሒሳቡ በሺህ ዶላር ይመጣል። በባንክ ብድር የተገዛ ቢሆን አበዳሪው ይህን ሽፋን ግዴታ ያደርገዋል፤ ምርጫ የለም። የእኛ ግን በጥሬ ገንዘብ የተገዛ ነው። ሁለተኛው መደብ የስርቆትና የእሳት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ሌባ ይወደዋልና አይናቅም፣ ዋጋውም ያን ያህል አይከብድም።

ትንሹ መደብ አገር ቤት «ሦስተኛ ወገን» የምንለው ነው። ሕግ የሚያስገድደው ይኸንኑ ነው። ቨርጂኒያ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዝቅተኛውን ልክ ለአንድ ተጎጂ 50,000፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱት ሁሉ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር አድርጋዋለች። ለሞተር ይህ ክፍል ርካሽ ነው፤ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ሞተር መኪናን ሲገጭ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ኩባንያው ያውቃል። ባለሞተራችን ይህን ትንሽ ቁጥር ሲያይ ፊቱ በራ። «በቃ ጋሼ፣ ይኼን ብቻ ይስጡኝ!»

ጋሼ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይኼ አንተን አያውቅህም» አሉት። «ይኼ ለገጨኸው ሰው ነው። አንተ መንገድ ላይ ብትተኛ ከዚህ ውስጥ አንድ ሳንቲም ያንተ አይደለም።»

ጓደኛችን መቼም አይረታም። «የገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ ይከፍለኛላ!» አለ። እዚህ ላይ ነው ወሬው ከገንዘብ ወደ አጥንት የተሻገረው። የመንግሥቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በቅርብ ዓመታት ካወጣው መረጃ እንደሚታየው፣ አንድ ሞተርና አንድ ሌላ ተሽከርካሪ ተጋጭተው ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች ከ40 በመቶ በሚበልጡት ሌላው ተሽከርካሪ ወደ ግራ ይታጠፍ ነበር። ሾፌሩ «አላየሁትም» ይላል። እሺ፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው። ግን ቨርጂኒያ አንድ የቆየ ሕግ አላት፤ ሜሪላንድም አላት፦ ተጎጂው ራሱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳ አያገኝም። ግማሹን አይደለም የሚያጣው፤ ሁሉንም ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት በአሥር ማይል አልፈህ ከነበረ የኩባንያው ጠበቃ ያችን አሥር ማይል ይዞ ይመጣል። አር 6 ላይ የተቀመጠ የ23 ዓመት ልጅ «ቀስ ብዬ ነበር» ቢል ማን ያምነዋል?

ገጪው ኢንሹራንስ ባይኖረውስ? ይህን ስንጠይቅ ጋሼ ስለ 500 ዶላሩ አጫወቱን። እስከ ሰኔ 2024 መጨረሻ ድረስ ቨርጂኒያ ውስጥ ለመኪና ምዝገባ ክፍል 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት በሕግ ይፈቀድ ነበር። ስንቱ ያገራችን ሰው 500 ከፍሎ ኢንሹራንስ የገዛ መስሎት ነድቷል! ያ ገንዘብ ምንም አይሸፍንም ነበር፤ የመንዳት ፈቃድ ብቻ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ወዲህ ቀርቷል። ግን ሕግ ስለቀረ ኢንሹራንስ የሌለው ሾፌር ሁሉ ከመንገድ ወጣ ማለት አይደለም። ለዚህ የሚሆን ሌላ መደብ አለ፦ ገጪህ ኢንሹራንስ ከሌለው ወይም ካነሰው፣ የራስህ ኩባንያ እንዲከፍልህ። እዚህ አስገዳጅ ነው፤ ሆኖም ልኩ ከሦስተኛ ወገኑ ልክ አያልፍም። ስለዚህ ለራስህ ሰፋ ያለ ለመግዛት ለሌላውም ሰፋ አድርገህ መግዛት ግድ ይላል። ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዱ «ይኼስ ዕድር ይመስላል» አለ።

የመጨረሻው መደብ የሕክምና ክፍያ ነው፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ይከፍላል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ሺህ ዶላር። አንዳንድ ኩባንያዎች ለሞተር ጭራሽ አይሸጡትም። የሚሸጠውን ፈልጉ።

ማታ ቤታችን ገብተን ሽንኩርት እየከተፍን ስንከራከር አመሸን። ባለሞተራችን ልቡ ያለው የግጭት ሽፋኑ ላይ ነው፤ ሰማያዊው ፕላስቲክ ቢጫር ያንገበግበዋል። የእኛ አቋም ተቃራኒ ነበር፣ ዛሬም ነው፦ ርካሽ ፈላጊ ሁሉ ብረቱን ጠብቆ አጥንቱን ይቀንሳል፤ እኛ ብረቱን ጥለን አጥንቱን እንጨምር አልን። ሞተሩ ቢሰበር 7,000 ዶላር ነው፤ ሁለት ዓመት ፓርኪንግ ነው፤ ያማል፣ ግን ይቆጠራል። እግሩስ? «እግሬን ለምን ትጠራላችሁ!» ብሎ ተቆጣ። ቢሆንም እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተስማማ።

እንዲህ ሆነ። የግጭት ሽፋኑ ወጣ። የስርቆቱ ቀረ፣ የመጀመሪያውን 500 ዶላር ራሱ ሊከፍል። ሦስተኛ ወገኑና ኢንሹራንስ የሌለው ገጪ የሚለው ሁለቱም ወደ 100,000 እና 300,000 ከፍ አሉ። የሕክምናው 5,000 ገባ። የአነዳድ ኮርስ ሲጨርስ ቅናሽ አለ፤ ዓመቱን በአንድ ጊዜ ከከፈለም ሌላ ቅናሽ። ድምሩ 1,180 ዶላር መጣ። ከመጀመሪያው ዋጋ ሲሶ አካባቢ ነው፤ አካሉን በተመለከተ ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። ጋሼ «ይህን የመረጠ ጎረምሳ ብዙ አላየሁም» አሉ፤ ለማሞገስ ይሁን ለመሸጥ አላወቅንም።

በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረውም። የቤታችን ዕቁብ የዚህ ወር ዕጣ የወጣው ለሌላው ጓደኛችን ነበር፤ ተለዋወጡ።

ኮርሱ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ በትንንሽ ሞተር፣ ባዶ ሜዳ ላይ ያስተምራሉ። ሲያልፍ የሞተር መንጃ ፈቃዱን ያለ ተጨማሪ ፈተና ያወጣል። ትናንት ማታ የምዝገባውን ቅጽ አብረን ሞላን። «አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው» የሚል መስመር አለ። የእናቱን የአዲስ አበባ ቁጥር ከእነ 251 ጀመረና ብዕሩን አቆመ። እሳቸው ሞተር መግዛቱን አያውቁም። ሰረዘና የእኛን የሦስታችንን ቁጥር በዚያች ጠባብ መስመር ላይ ደራርቦ ጻፈ።