የተሐድሶ ሐኪምና መካሪው

«መካሪ የሌለው ንጉሥ አለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላል ያገራችን ሰው። ንጉሥ እንኳ መካሪ ካስፈለገው፥ በተሐድሶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ወጣት ሐኪምማ ምንኛ ያስፈልገው! ከእኛ ከሕክምና ተማሪዎች መካከል ይህን ሙያ የሚመኙ ስላሉ፥ ሐሳባችንን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ወደድን።

የቀዶ ሐኪም ሥራ በዓይን ይታያል። የተሐድሶ ሐኪም ሥራ ግን የሚጀምረው ሌላው «ጨርሻለሁ» ካለበት ላይ ነው። በሆስፒታል ልምምዳችን እግሩ የተቆረጠ አንድ ገበሬ አየን። ቁስሉ ድኗል፤ የመውጫ ወረቀቱም ተጽፏል። አንድ አንጋፋ ሐኪም ግን አጠገቡ ተቀምጠው «ወንድሜ፥ ቤትህ ዳገት ላይ ነው? ውኃ የሚቀዳልህስ ማነው? እንደገና እርፍ መጨበጥ ትፈልጋለህ?» ሲሉ ጠየቁት። ዝምተኛው ሰው ያን ጊዜ ብዙ ተናገረ። እንዲህ ያለው አጠያየቅ ከታላቅ አጠገብ ቆሞ የሚወረስ ነው እንጂ መጽሐፍ በማገላበጥ ብቻ አይገኝም።

ሙያው ራሱ በአስተማሪዎች የተገነባ ነው። አሜሪካዊው ዶክተር ፍራንክ ክሩሰን በወጣትነታቸው በሳንባ ነቀርሳ ታመው ሲተኙ፥ ረጅም መኝታ ራሱ ሰውነትን እንደሚያደክም ተመለከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1936ም በማዮ ክሊኒክ የስፔሻሊስት ሥልጠና ጀመሩ። ባገራችንም በ1965 የተቋቋመው አለርት፥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ተሐድሶና የባለሙያ ሥልጠናን በስሙ ውስጥ አጣምሮ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ተሐድሶ የሚጠቅመው ሕዝብ 2.4 ቢሊዮን ገደማ መሆኑን ገምቷል። ሥራው እንዲህ ሲበዛ፥ ሠልጣኙን ለብቻው መተው ይገባልን?

እኛ የምንለው ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ከፈታኙ ሌላ አንድ ታላቅ ይመደብለት፤ በወር አንድ ቀን ተገናኝተው ስለ ሥራው፥ ስለ ጥናቱና ስለ ወደፊት ኑሮው ይነጋገሩ። ፈታኝ የሆነ ሰው ዘንድ ድካምን ገልጦ መናገር ያስፈራልና። ደግሞም መካሪ ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ፊዚዮቴራፒስቱም፥ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራውም፥ በሽተኛው ራሱም ያስተምራሉ።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ምደባው እስኪመጣ እጃችንን አጣምረን አንቀመጥ። የምናከብራቸውን መምህር ደጅ ጠንተን «ይምከሩን» እንበል። ከኋላችን የሚመጣው ታናሽ ሲጠይቀን ደግሞ ጊዜ የለንም አንበለው።