የ15 ሚሊ ሜትር ነገር

የደበዘዘ ነገር ሁሉ ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። ይህን የተማርኩት ከታሪክ ትምህርት ክፍል ሳይሆን፣ እዚሁ ዲላ ከውሃ ቱቦ ከተሠራ ቴሌስኮፕ ነው። መቼም «የታሪክ ተማሪ ስለ መስተዋትና ስለ ብሎን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩን ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሥራውን የጀመሩት የፊዚክስ ልጆች ናቸው። ያንዳቸው ወንድም 114 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስርጉድ መስተዋት ከውጭ አገር ላከለት። ቱቦው ከገበያ የተገኘ ባለ 160 ሚሊ የውሃ ቱቦ ነው፤ መደገፊያው የጣውላ ቁርጥራጭ፣ ማሰሪያው ብሎን፣ ዳዶና ሞላ። አሠራሩ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው ዓይነት ነው። ብርሃን በቱቦው አፍ ይገባል፤ ታች የተቀመጠው ስርጉድ መስተዋት ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ አፉ አጠገብ በ45 ዲግሪ ያዘነበለች ትንሽ ዝርግ መስተዋት ተቀብላ ወደ ጎን ታወጣዋለች፤ እዚያ የዐይን ሌንሱ ይጠብቃል።

ሁሉም ተገጥሞ አለቀ። ጨረቃ ግን እምቢ አለች። ሙሉ ሆና ወጥታ ሳለ እኛ የምናየው የፈሰሰ ወተት ነው። ሌንሱን ወደ ውስጥ በገፋነው ቁጥር ምስሉ እየጠበበ ይመጣና፣ ልክ ሊጠራ ጥቂት ሲቀረው መያዣው ከቱቦው ጋር ይጋጫል። ከዚያ በላይ መግቢያ የለም።

ይኼኔ ክርክር ተነሣ። አንዱ «መስተዋቱ ሲሠራ ተበላሽቷል» አለ። ሌላው «ድሮም ብያለሁ፤ ከውሃ ቱቦ ቴሌስኮፕ አይወጣም!» አለ። ሦስተኛው ሴጌቶ ይዞ ቱቦውን ከታች ሊቆርጥ ተነሣ። የመስተዋቱ ባለቤት ብቻ ዝም አለ። በዚያው ሳምንት መስተዋቱን በርካሽ የሚገዛ ሰው ተገኝቶ ነበርና ዝምታው አስፈራኝ። እርግጥ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከዲላ እዚያ ለመድረስ ግን 360 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ነው። ለእኛ ያለችን ይቺው ቱቦ ናት።

መስተዋት ሲሠራ ሊበላሽ መቻሉ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ጠፈር የተላከው ሀብል የተባለው ቴሌስኮፕ፣ ባለ 2.4 ሜትር መስተዋቱ ጠርዙ ላይ በ2 ማይክሮን ገደማ ከሚገባው በላይ ተሞርዶ ኖሮ ምስሉ ደበዘዘ፤ እስከ ዲሴምበር 1993 ድረስም ሳይታረም ቆየ። ነገር ግን የእንዲህ ያለው መስተዋት ጠባይ፣ ሌንሱ የትም ቢቀመጥለት ጥርት አለማለቱ ነው። የእኛስ እንዲያ ነው ወይ?

በማግስቱ በቀን ቱቦውን ከአጥሩ ባሻገር 50 ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ እንሰት አዞርነው። እንሰቱ ተዘቅዝቆ፣ ቅጠሉ ቁልቁል ወርዶ፣ ግን ጅማቱ እስኪቆጠር ጠርቶ ታየ! ከበስተኋላው ያለው ቡና የለበሰ ኮረብታ ደግሞ ድብዝዝ ያለ ነው። እንግዲህ ለእንሰት የሠራ መስተዋት ለጨረቃ እንዴት ይበላሻል? የፊዚክስ ልጆች ወዲያው ገባቸው። የቅርብ ነገር ምስል ከመስተዋቱ ራቅ ብሎ ይወድቃል፤ የሩቅ ነገር ምስል ቀረብ ብሎ። የእንሰቱ ምስል ሌንሱ ከሚደርስበት ቦታ ሲወድቅ፣ የጨረቃዋ ቱቦው ውስጥ ቀርቷል። ጥሩ ምስል አለ፤ እኛ አልደረስንበትም።

ማታ መስተዋቱ ተፈትቶ ወደ ጨረቃ ዞረ፤ ነጭ ወረቀትም ፊቱ ተያዘለት። ወረቀቱን ስናርቅ ስናቀርብ፣ የቡና ፍሬ የምታክል፣ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ጨረቃ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለች። በሜትር ስንለካው 900 ሚሊ ሜትር ሆነ። (ይህን በፀሐይ እንዳትሞክሩት፤ ወረቀት ያነዳል፣ ዐይን ያጠፋል።)

የቀረው መደመርና መቀነስ ነው፤ ለታሪክ ተማሪም አይከብድም። ከትልቁ መስተዋት እስከ ትንሿ 780 ነው፤ ከ900 ላይ ሲቀነስ 120 ይቀራል። ከትንሿ መሀል እስከ ቱቦው ውጫዊ ግድግዳ 80፣ የሌንሱ መያዣ እስከ መጨረሻው ገብቶም 55፤ ድምሩ 135። ጨረቃዋ የቀረችው 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ነው! ምክንያቱም ግልጽ ሆነ፤ የተከተልነው ንድፍ ቀጠን ላለ ቱቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ገበያ ያገኘነው ወፍራም ነበር።

ሴጌቶው ወደ ቦታው ተመለሰ። ቱቦ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ፤ ብሎን ግን ካልሆነ ይፈታል። ሦስቱን ብሎኖች በረጃጅም ለውጠን ትልቁን መስተዋት 30 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ከፍ አደረግነው። አሁን በ120 ፋንታ 150 ስለሚቀር ምስሉ ከመያዣው 15 ሚሊ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሌንሱም ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቦታ አገኘ። መስተዋቶቹ ሲቀራረቡ ትንሿ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይሰፋልና እሱም ታሰበ፤ 19 ሚሊ ይሆናል፣ የእኛዋ 25 ናት፣ ትበቃለች። ከዚያ የሁለቱን አቀማመጥ እንደገና ማስተካከል ብቻ ቀረ።

ብሎኑ ተፈልጎ እስኪገኝ ጨረቃዋ ጎድላ፣ ጠፍታ፣ እንደገና ወጣች። በ2017 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ግማሽ ነበረች። ግማሽ ጨረቃ ከሙሉዋ ይልቅ ለማየት ትመቻለች፤ ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት መሥመር ላይ የጉድጓዶቹ ጥላ ይረዝማል። ቀድሞ ዐይኑን ያኖረው የመስተዋቱ ባለቤት ነው። ምንም ሳይል ብዙ ቆየ፤ ተራ ጠባቂዎች ሲያጉረመርሙ «አልሸጠውም» ብሎ ተነሣ። ዘበኛው አባባም ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይኼ ሁሉ ጠባሳ ፈንጣጣ ነው እንዴ ልጆች?» ብለው አሳቁን። ከዚያ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ተሰለፉ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከመካከላችሁ ቴሌስኮፕ ሠርቶ የደበዘዘበት ካለ፣ መስተዋቱ ላይ ከመፍረዱ በፊት በቀን አንድ የቅርብ ዛፍ ይይበት። ዛፉ ከጠራ፣ ዋናው ችግር ከመስተዋቱ አይደለም። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ሜትር፣ ነጭ ወረቀትና ሦስት ረጃጅም ብሎን ነው።