ለአባቴ ቮልስ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ
ለአሮጌ መኪና ዕቃ የሚፈልግ አዲስ አበቤ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መውረዱ አይቀርም። ፍሬን ሸራው፣ የፊት መብራቱ፣ የበር እጀታው በየሱቁ ተደርድሯል። እኔና ልጄ የወረድነው ለአባቴ ቮልስዋገን ነው፤ ለዓመታት ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

ልጄ የጓጓችው ለቀለሙ ነበር። አንድ አዛውንት ነጋዴ ግን “መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አንሺና ወለሉን እዪ፣ ልጄ” አሏት። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ሥር ነው፤ አሲዱ ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላዋል። ቀጥሎ የቤንዚን ቱቦ ይታያል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ቱቦው ተሰንጥቆ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ካፈሰሰ እሳት ይነሳል። ከዚያ ፍሬኑ። ቀለም የመጨረሻው ነው።

ይህች መኪና ሜክሲኮ ውስጥ መመረቷ ያበቃው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም የፈለግነውን ቱቦ ሦስተኛው ሱቅ አገኘን።

አባቴ ዓይናቸው ስለደከመ ከእንግዲህ አይነዱም። ማታ ግን ልጄ ቱቦውን ስትቀይር አጠገቧ ተቀምጠው፣ የትኛው ማሰሪያ ቀድሞ እንደሚፈታ በጣታቸው እየዳሰሱ አሳዩአት።

በግቢያችሁ የቆመች መኪና ካለች ነገ ዛሬ አትበሉ። ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ጠባይዋን የሚያውቁት ግን አያት ናቸው።