ሞተሩ ትንፋሽ ሲያጥረው

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይላሉ አበው። እኛ ሦስት የውርጌሳ ልጆች ይህን አባባል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ብንሰማውም ትርጉሙ የገባን ባለፈው ክረምት ሐይቅ ላይ፣ ለዚያውም በሰው ገንዘብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንደኛችን አጎት ሐይቅ ላይ ሰው የሚያንሸራሽሩባት አንዲት ጀልባ አለቻቸው። ከኋላዋ የታሰረው ሞተር የ15 ፈረስ ጉልበት ነው። ስድስት ሰው ሲሳፈርባት ግን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ውሃውን ታርሳለች እንጂ አትፈጥንም። አጎታችን “እናንተ አሥራ ሁለተኛን የጨረሳችሁ፣ ነገ ደግሞ አስተማሪዎች የምትሆኑ፣ እስቲ መላ በሉኝ” አሉን። “አናውቅም” ማለት አሳፈረን።

እዚህ ላይ ጀልባ ላልቀረበው አንባቢ ጥቂት እንበል። የጀልባ ሞተር ጉልበቱ ከላይ ቢሆንም ሥራው የሚፈጸመው ውሃ ውስጥ በገባው እግሩ ነው። በእግሩ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቁልቁል የመጣውን ዙር እንደ መኪና ዲፈረንሻል አጥፈው ለፕሮፔለሩ ያደርሱታል። ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ነው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባውን ርቀት “ርምጃ” እንበለው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባውም በዚሁ እግር ላይ ባለ ቀዳዳ ነው።

እኛ ታዲያ “ርምጃው ሲረዝም ፍጥነቱ ይጨምራል” ብለን ፈረድን። ባለ 9 ኢንቹን አስፈትተን፣ አጎታችን በቆጠቧት ገንዘብ ባለ 11 ኢንች ከአዲስ አበባ አስመጣን። ኧረ ጭራሽ ባሰባት! ሞተሩ ዙሩ ወርዶ ያቃስት ጀመር። ደግሞ “እግሩ በጣም ጠልቆ ነው የሚጎተተው” ብለን ከሥሩ ጣውላ አስገብተን ከፍ አደረግነው። እግር ከፍ ማድረግ በፈጣን ጀልባዎች ላይ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ለእንደ እሷ ላለችው ልኩ ግን ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ገደማ ሲሆን ነው። እኛ ከልኩ አሳለፍነው። መሐል ሐይቅ ላይ ፕሮፔለሩ አየር ስቦ በባዶው ጮኸ፤ ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው ቀጭን ውሃ ቀጥ አለች፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። አጎታችን ዘለው አጠፉት። በመቅዘፊያ ወደ ዳር ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

ውርጌሳ ተመልሰን ይህንኑ ለአንድ የወፍጮ ቤት ሽማግሌ አጫወትናቸው። እሳቸው በዕድሜያቸው ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። “ልጆቼ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሞተር ራስ ላይ ትልቅ ፑሊ ይታሰራል እንዴ? ቺንጋውን ወደ ትንሹ አዙሩለት እንጂ!” ብለው ሳቁብን።

ትንፋሽ ያጠረውስ ለምንድን ነው? ደብተራችንን ገለጥን። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እንግዲህ ሞተሩ ላይ የተጻፈው 15 ሐይቅ ሲደርስ 12 ገደማ ሆኗል ማለት ነው። የአየር ግፊትን እኮ በፈተና ላይ በትክክል መልሰን ነበር!

ባለ 11ዱን በባለ 8 ለወጥን፤ ጭማሪው ከኪሳችን ወጣ። ርምጃ በአንድ ኢንች ሲያጥር የሞተሩ ዙር በደቂቃ እስከ 200 ገደማ ይጨምራል። የተቃጠለችውን የውሃ መሳቢያ ጎማ አስቀየርን፤ እግሩንም ወደ ልኩ መለስነው። ጀልባዋ ስድስት ሰው ይዛ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገችና ሄደች። ባዶዋን ስትሆን ከቀድሞው አትፈጥንም፤ ግን አጎታችን የሚበሉት በባዶዋ አይደለም።

ወደ ሥልጠናችን ልንመለስ ስንሰናበታቸው “መጀመሪያውኑ ‘ቆይ ጠይቀን እንምጣ’ ብትሉኝ ምን ነበረበት?” አሉን። መልስ አልነበረንም።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ነገ ሃምሳ ሕፃናት ፊት ስንቆም አንዱ እጁን አውጥቶ የማናውቀውን ይጠይቀናል። ፕሮፔለር ተፈትቶ ይለወጣል። ለሕፃን የነገሩት ስሕተት ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። “አላውቀውም፣ ነገ ጠይቄ እመጣለሁ” ማለትን ከዛሬው እንልመድ። በማግሥቱም ጠይቀን እንምጣ።