ባሕረ ሐሳብና ቤሬታ

ከነፍጥ ጋር ጠብም ፍቅርም የሌለኝ ሰው ስሆን፣ የጦርነት ዘመን ሽጉጦችን ለሚሰበስቡ ሰዎች በተዘጋጀ አንድ የጨረታ መዘርዝር ላይ ዓይኔ ተተክሎ የቀረው፣ በአንዱ ቤሬታ ግራ ጎን፣ «ጋርዶኔ» ከሚለው የመንደሩ ስም ቀጥሎ 1937 ተብሎ ዘመኑ በግልጽ ከተጻፈ በኋላ፣ አንድ ጊዜ መነገሩ እንዳልበቃ ሁሉ፣ በሮማውያን አኃዝ ደግሞ 15 የሚል ስለ ተጨመረበት ነው። ሙሶሊኒ የራሱ የዘመን ቈጠራ እንደ ነበረው ከወዴት እንደ ሆነ እንጃ ሰምቼ ነበርና፣ ነገሩን ሳላጣራ ማለፍ አልሆነልኝም።

የፋሽስት ዘመን የሚባለው የሚቈጠረው ባለ ጥቁር ሸሚዞቹ ወደ ሮም ከዘመቱበት ከጥቅምት 18 ቀን 1915 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ኦክቶበር 28 ቀን 1922 ከሚሉት ዕለት ጀምሮ ሲሆን፣ ዓመቱ የሚለወጠውም በጃንዋሪ ሳይሆን በዚያው በጥቅምት ስለ ነበረ፣ 1937 እስከ ኦክቶበር ማብቂያ 15ኛ፣ ከዚያ ወዲያ 16ኛ ዓመት ይሆናል ማለት ነው። ከሥጋዌ ወዲህ ያለውን ዘመን ዓመተ ምሕረት ብለን ለምንቈጥር ለእኛ፣ አንድ የቀድሞ ጋዜጠኛ ሥልጣን የጨበጠበትን ሳምንት ርእሰ ዘመን ማድረጉ ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ለሒሳብም አይመችም።

ይህን ለአንድ መሪጌታ ወዳጄ ባጫውታቸው ግን ፈጽሞ አልተቀበሉኝም። «ልጄ፣ ይህማ የባሕረ ሐሳብ ወንበር ነው፤ ከእስክንድርያው ከቅዱስ ድሜጥሮስ የተሰረቀ ነው» አሉኝ። እኔም እልኽ ይዞኝ ወረቀትና እርሳስ አነሣሁና በ5500 ዓመተ ኲነኔ ላይ 1929 ዓመተ ምሕረትን ብደምር 7429 ሆነ፤ ይህም ለ19 ሲገደፍ 391 ጊዜ ደርሶ አንዳች ስለማይተርፍ፣ ቀሪው 19 እንደ ሆነ ተቈጥሮ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 18 እንጂ 15 አይወጣም። መሪጌታ ግን ሳይደነግጡ «ልደቱን እንኳ በወጉ ያልቈጠሩ ሮማውያን በወንበር ቢሳሳቱ ምን ይደንቃል?» ብለው መለሱልኝ። በሌላ ቀን በ1942 የተሠራውን፣ 20 የሚል የተቀረጸበትን ቤሬታ ሥዕል ይዤባቸው ሄድሁ፤ ወንበር ከ18 አልፎ እንደማያውቅ ከእርሳቸው የተማርሁት ነውና መልስ አጡ፤ ወሬውንም ወደ ክረምቱ ዝናብ አዞሩት። ክርክሩን የዘጋው ግን ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ግቢ፣ ጣሊያኖች ለፋሽስት ዘመን ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ቈጥረው ያቆሙት የሲሚንቶ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ ከድል በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። መሪጌታ ወደ ላይ አሻቅበው አንበሳውን ካዩ በኋላ «መደምደሚያውንስ አሳምረውታል» ብለው ተረቱልኝ።

ስለ ሽጉጡ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። የቤሬታ ቤተ ሰብ በ1526 ለቬኒስ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት 185 የጠመንጃ አፈሙዝ እንደ ሸጠ በመዝገብ ተጽፎለታል፤ ይህ ባለ 1934 ሞዴል ደግሞ ቱልዮ ማሬንጎኒ የነደፈው፣ ካዝናው 7 ጥይት የሚይዝ፣ ጥይቱም ባለ 9 ሚሊ ሜትር አጭሩ ሲሆን፣ የተሠራውም ባለ ሥልጣኖቹ የጀርመኑን ዋልተር መመኘት ስለ ጀመሩ ገበያው እንዳያመልጥ ነው ይባላል። ሰብሳቢዎቹ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጨነቁት ለምልክቶቹ ነው፦ የንጉሡ ምድር ጦር ነው ወይስ የባሕር ኃይሉ፣ ወይስ የፖሊሱ? እጀታው የራሱ ነው? አፎቱስ? ሙሶሊኒ በጁላይ 25 ቀን 1943 ከተሻረና ጀርመኖች ሰሜኑን ከያዙ ወዲያ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ የሮማው አኃዝ እንደ ቀረም ይናገራሉ።

በእኔ አስተያየት ግን ለኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ የሚገቡት ሁለት ቍጥሮች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው 14፣ ይህም ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ የገባበት ዓመት፣ ሁለተኛው 19፣ ይህም ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ቀን በ1933 ወደ መናገሻቸው የተመለሱበት ነው። በውጭ አገር የተማረከ ሽጉጥ ዋጋ የሚያገኘው የምርኮ ወረቀት ሲኖረው ነው ይሉናል፤ የእኛ አርበኞች ግን ሲማርኩ ደረሰኝ አልጠየቁም፤ ሊጠይቁም አይገባቸውም ነበር።

እንግዲህ ከአርበኛ አያቱ የተላለፈለት ቤሬታ በቤቱ ያለ አንባቢ ቢኖር፣ በአዋጅ ቍጥር 1177/2012 የታዘዘውን ፈቃድ አስቀድሞ ያሟላ፤ ዝገቱንም በዘይትና በጨርቅ እንጂ በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው አደራ እላለሁ፤ ጽሕፈቱ የተፋቀበትን ሽጉጥ ሰብሳቢ በግማሽ ዋጋም አይወስደው።